ከመስመሩ ወዲህ፦ የፉቲ ተጫዋች እንዴት አሰልጣኝ ይሆናል?

ባለፈው ወር ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ውስጥ፣ ኒኮልሰን ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በአንዱ ቡና እየጠጣን ነበር። አብራኝ የነበረችው ልጅ 24 ዓመቷ ነው። ፉቲ፣ ማለትም የአውስትራሊያ ፉትቦል፣ ትጫወታለች። የጉልበቷ ጅማት ለሁለተኛ ጊዜ ተበጥሶ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ቶናው ሲቀዳ፣ “አንቺ ወደ ማሰልጠኑ እንዴት ገባሽ? እኔስ ከየት ልጀምር?” አለችኝ። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅም መልሴን አልጨረስኩም ነበር። የቀረውን እዚህ ልጻፈው። ለእሷም፣ እንደ እሷ ላላችሁም።

እኔ ከአዲስ አበባ ወደዚህ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው። በ19 ዓመቴ ጓደኛዬ ጎትታ አንድ ትንሽ የሰፈር ክለብ ወሰደችኝ። ለስምንት ዓመት ክንፍ ላይ ተጫወትኩ። በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቀኝ ጉልበቴ ጅማት ተበጠሰና ቆምኩ። አሁን ከ14 ዓመት በታች የሴት ልጆች ቡድን አሰለጥናለሁ። በሥራ ቀን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ማሰልጠኑ ለእኔ ደመወዝ የለውም። በታችኛው ደረጃ ላይ አብዛኛው ሰው እንደዚያው በፈቃደኝነት ነው የሚሠራው። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ጥሩ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ኳሱም ሞላላ። በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፤ በሴቶቹ ትልቅ ሊግ 16። በየጫፉ አራት ቋሚዎች አሉ። በመሃለኞቹ ሁለት መካከል በእግር ተመትቶ ካለፈ 6 ነጥብ ነው፤ ከጎን ባለው ክፍተት ካለፈ 1። ኳሱን በእጅ መያዝ ይቻላል፣ መወርወር ግን አይቻልም። ለጓደኛ የሚሰጠው ወይ በእግር ተመትቶ ነው፣ ወይ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቡጢ መትቶ። ይዞ የሚሮጥ ሰው በየ15 ሜትሩ መሬት ማስነካት አለበት። ቢያንስ 15 ሜትር ተጉዞ የመጣ ምትን አየር ላይ የያዘ ማርክ አገኘ ይባላል፤ ማንም ሳይነካው ይመታል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። አሰልጣኝን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። ሁሉም ሰው የትም መሮጥ ይችላል።

ኳሱን አትዩ

ተጫዋች ሳለሁ ጨዋታውን አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። የማውቀው ግን በዙሪያዬ ያለውን 20 ሜትር ብቻ ነበር። ይህን የተረዳሁት ከጉልበት ቀዶ ጥገናዬ በኋላ ነው። ከቡድኑ ላለመራቅ ስል ክራንች ይዤም ቢሆን ጨዋታ ለማየት እሄድ ነበር። አንድ ቀን የክለባችን የድሮ አሰልጣኝ የሆኑ አዛውንት ከተቀመጥኩበት አስነስተው ከጎሉ ጀርባ ወሰዱኝ። “ከዚህ እይ” አሉኝ። “ኳሱን ግን አትይ። ኳሱን ሌላው ሁሉ ያይልሻል።”

ከጎን ሆናችሁ ስታዩ ሰው በሰው ላይ ይደራረባል። ከጎሉ ጀርባ ግን ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማን ከማን ምን ያህል እንደራቀ፣ ክፍተቱ የት እንዳለ ትለያላችሁ። የትልልቆቹ ክለቦች አሰልጣኞች ከጎል ጀርባ የተቀረጸ ቪዲዮ የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ “ማንም ኳስ አይሰጠኝም” እያልኩ አማርር ነበር። ምክንያቱ በአንድ ሩብ ጨዋታ ውስጥ ገባኝ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ልክ እንደ እኔ ወደ ኳሱ እየተጠጋች፣ ኳስ ልትቀበልበት የምትችለውን ክፍተት ራሷ ትዘጋው ነበር።

ስለዚህ መጫወት ሳታቆሙ ይህን ጀምሩ። ተቀይራችሁ ስትወጡ ውኃ ጠጡና ቀና በሉ። ትንሽ ደብተር ያዙ። በአንድ ሩብ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል። ኳሱ በዚህኛው ጥግ ሲታገሉበት፣ በዚያኛው ጥግ ብቻዋን የቀረችው ማን ናት? ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ ለመሮጥ ቀድማ የምትዞረው ማን ናት? የምትዘገየውስ? እዚህ ላይ ፍጥነቷን ሳይሆን የወሰነችበትን ቅጽበት ነው የምትጽፉት። ፈጣን ሆና ዘግይታ የምትወስን አለች፤ ቀርፋፋ ሆና ቀድማ የምትደርስም አለች። ተጫዋች ይህን አይቆጥርም። አሰልጣኝ ይቆጥራል።

ጥሩ ተጫዋች መሆን አይበቃም

ድሮ ፉትስክሬይ ይባል የነበረው ክለብ፣ የዌስተርን ቡልዶግስ፣ ሜዳ ዊተን ኦቫል ለእኔ ሰፈር ቅርብ ነው። እዚያ የቴድ ዊተን ሐውልት ቆሟል። ዊተን በ1957 ገና በ23 ዓመቱ የፉትስክሬይ ተጫዋችም፣ አምበልም፣ አሰልጣኝም ሆነ። 321 ጨዋታ ተጫውቷል። በዚያ ዘመን እንዲህ መደራረብ የተለመደ ነበር። ክለቡ በ1954 የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲወስድም አሰልጣኙ ቻርሊ ሰተን ራሱ ሜዳ ውስጥ ሆኖ ይጫወት ነበር።

በትልቁ ሊግ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የያዘው የመጨረሻው ሰው ማልኮም ብላይት ነው። በ1981 ኖርዝ ሜልበርንን እየተጫወተ አሰለጠነ። ዓመቱ ሳያልቅ አሰልጣኝነቱን ተወ። በቀጣዩ ሳምንት ተጫዋች ብቻ ሆኖ ገባና 11 ጎል አገባ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ያ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ እግሩ አልተለወጠም። ሸክሙ ነው የወረደለት።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ሄዶ በክፍለ ግዛቱ ሊግ ዉድቪልን አሰለጠነ። ተመልሶ ጂሎንግን ያዘና ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ አደረሰው፤ ሦስቱንም ተሸነፈ። በ1997 እና በ1998 አደላይድን በተከታታይ ሻምፒዮን አደረገ። ከ1981 እስከ 1997 ቁጠሩት። 16 ዓመት ነው።

ማይክል ቮስንም ተመልከቱ። የብሪዝበን አምበል ሆኖ በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ዋንጫ ያነሳ ነው። ረዳት ሆኖ ሳይሠራ በ2009 የዚያው ክለብ ዋና አሰልጣኝ ተደረገ። በ2013 ተሰናበተ። ከዚያ ፖርት አደላይድ ገብቶ ለዓመታት በረዳትነት ሠራ፤ በ2022 ካርልተንን ያዘ። እኔ እንደማየው መጀመሪያ ማለፍ የነበረበትን ደረጃ ኋላ ላይ ተመልሶ ነው ያለፈው። ተመልሶ ለመማር ራሱን ዝቅ ማድረጉን ግን በጣም አከብርለታለሁ።

ክሪስ ፌጋን ደግሞ በትልቁ ሊግ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ታዝማኒያ ውስጥ ተጫውቷል፣ መምህርም ነበር። ብሪዝበንን በ2024 እና በ2025 ሻምፒዮን አድርጓል። መምህር መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ለእኔ ግን መንገዱን ያሳየኝ ሉክ ቤቨሪጅ ነው። በሦስት ክለቦች 118 ጨዋታ ተጫወተ፤ አንዱ ክለብ ፉትስክሬይ ነው። ኮከብ የሚባል አልነበረም። መጫወት ካቆመ በኋላ ሴንት ቢድስ ሜንቶን ታይገርስ የሚባል የአማተር ክለብ ያዘ። ሰዎቹ ቀን ሥራቸውን ውለው ማታ የሚሠለጥኑ ናቸው። በ2006 በሲ ምድብ፣ በ2007 በቢ ምድብ፣ በ2008 በኤ ምድብ፣ ሦስት ዓመት ሦስት ዋንጫ። ከዚያ በኮሊንግዉድና በሀውቶርን በረዳትነት ሠራ። ከ2015 ጀምሮ ቡልዶግስን አሰለጠነ። በ2016 ቡድኑ ከሰባተኛ ደረጃ ተነስቶ ፍጻሜ ደረሰና ሲድኒን በ22 ነጥብ አሸነፈ። 62 ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ ነው።

ያን ቀን ፉትስክሬይ ውስጥ ነበርኩ። እዚህ ሰፈር ተወልደው ያረጁ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ቤቨሪጅ ለአሸናፊ አሰልጣኝ የሚሰጠውን የጆክ ማክሄል ሜዳሊያ ተቀበለ። ከዚያ አምበሉን ቦብ መርፊን ወደ መድረኩ ጠራው። መርፊ በዓመቱ መጀመሪያ ጉልበቱ ተጎድቶ ፍጻሜውን አልተጫወተም። ቤቨሪጅ ሜዳሊያውን ከራሱ አንገት አውልቆ ለእሱ አጠለቀለት። እኔ ያኔ ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ሶፋ ላይ ነበርኩ። “ማሰልጠን ይህ ከሆነ እኔም እፈልገዋለሁ” ያልኩት ያን ማታ ነው።

ሴቶቹ ደግሞ ዴዚ ፒርስን ተከታተሉ። በሜልበርን አምበልነቷ በ2022 ዋንጫ አነሳች። በቀጣዩ ዓመት ጂሎንግ ገብታ ወንዶቹን ከሚያሰለጥኑት ጋር ሠራች። ከዚያ የዌስት ኮስት የሴቶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነች። የሴቶቹ ትልቅ ሊግ የተጀመረው በ2017 ነው። እኔ መጫወት ስጀምር እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም።

ከታች ጀምሩ፤ ከተቻለ በመልእክተኝነት

“ከየት ልጀምር” ላልሽኝ፣ መልሴ አንድ ነው። ከታች። በቀጥታ የአዋቂዎች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ካልሆንኩ አትበሉ።

አንዱ በር ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው ኦስኪክ ነው። ወላጆች እየረዱ የሚካሄድ ስለሆነ ሁልጊዜ ተጨማሪ ሰው ይፈለጋል። ሌላው በየሰፈሩ ክለብ የታዳጊ ቡድን ረዳት መሆን ነው። እኔ አጥብቄ የምመክረው ግን ራነር መሆንን ነው። ራነር ማለት ጨዋታው እየተካሄደ የአሰልጣኙን መልእክት ይዞ ሜዳ ውስጥ ሮጦ የሚገባ ሰው ነው። ጉልበታችሁ ቀስ ብሎ መሮጥ ከቻለ ይህን ሥራ ለምኑ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አሰልጣኙ መስመር ላይ ሆኖ ግማሽ ደቂቃ ያወራላችኋል። ልጅቷ ጋ ስትደርሱ እሷ ትንፋሿ ተቆርጧል፣ ዓይኗ ኳሱ ላይ ነው፣ ያላት ሦስት ሰከንድ ነው። ግማሹን ደቂቃ ወደ አራት ቃል ማሳጠር ግድ ይሆናል። “ከጀርባዋ ሁኚ። ጎሉን ዝጊ።” አንድ ሙሉ ዓመት ይህን ሠራሁ። ከወሰድኩት ኮርስ ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ብዙ አያስፈራም። ቪክቶሪያ ውስጥ ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ሁሉም “ወርኪንግ ዊዝ ችልድረን” የሚለውን፣ ማውጣት ግዴታ ነው። ለበጎ ፈቃደኛ በነጻ ነው፤ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ከዚያ የሊጉን የአሰልጣኝነት ኮርስ ትወስዳላችሁ። ከፊሉ ኢንተርኔት ላይ ነው። እንግሊዝኛችሁ ብዙም ካልሆነ ክለቡን ንገሩ፤ አብሯችሁ የሚቀመጥ ሰው ይገኛል።

ከወረቀቱ ሁሉ በቃላችሁ እንድትይዙት የምለምናችሁ የጭንቅላት ጉዳትን የሚመለከተውን ነው፤ እዚህ ኮንከሽን ይሉታል። አንድ ልጅ ጭንቅላቱ ተመትቶ ከደነዘዘ፣ ወይም ግራ ከገባው፣ ያን ቀን አይመለስም። በሰፈር ደረጃ ወደ ጨዋታ የሚመለሰው ቢፈጥን ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ ሐኪም ፈቅዶ። አባት “ደህና ነው፣ አስገቢው” ሊላችሁ ይችላል። ልጁም “ደህና ነኝ” ይላል። አትስሙ።

የመጀመሪያው ልምምድ

የመጀመሪያው ምሽቴን አልረሳውም። 24 ልጆች፣ ስድስት ኳስ፣ ነፋስ። በሁለት ረድፍ አሰለፍኳቸው። አንዷ ትመታለች፣ 11 ቆመው ያያሉ። እኔ የለመድኩት እንደዚያ ስለነበር ትክክል መሰለኝ። ሲያልቅ አንዲት እናት መጥታ፣ “ልጄ በአሥር ደቂቃ ኳስ የነካችው አራት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬያለሁ” አለችኝ። ቃሏ ቀዝቃዛ አልነበረም። እውነቱን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ በአራት በአራት ነው የምከፋፍላቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ኳስ። ማንም ከአሥር ሰከንድ በላይ ቆሞ አይጠብቅም። ልምምዱ አንድ ሰዓት ነው። ግማሹ ትንሽ ጨዋታ ነው፦ በጠበበ ቦታ አምስት ለአራት፣ ስድስት ለሦስት። በቁጥር የበዛው ወገን ነጻዋን ልጅ መፈለግ ይማራል፤ ያነሰው ወገን ማንን ትቶ ማንን እንደሚይዝ ይማራል። ሳትናገሩ ጨዋታው ራሱ ያስተምራል።

ስለ ምት አንድ ነገር። አብዛኛው ሰው ሲያስተምር ስለ እግር ያወራል። ችግሩ ግን እጅ ላይ ነው። ኳሱ ከእጅ ሲለቀቅ ካዘነበለ፣ እግር የፈለገውን ቢያምር አይቀናም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ እግር ነው የማለማምዳቸው። ኳሱን በሁለት እጅ ያዙት፣ ከዚያ በምትመቱበት እግር በኩል ባለው እጅ ብቻ ወደ ታች ምሩትና ልቀቁት። መሬት ላይ ይረፍ። ሹሉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ካረፈ ወደ እናንተ ይነጥራል። ካዘነበለ ወደ ጎን ያመልጣል። ልጅቷ ስህተቷን ያለ እናንተ ታየዋለች። ይህን ሦስት ሳምንት ሠርተን አንዲት እግሯ ደካማ የነበረች ልጅ 30 ሜትር መምታት ጀመረች። ጉልበት አልጨመረችም። እጇ ነው የተስተካከለው።

መያዝና መጣልን፣ ማለትም ታክልን፣ በጉልበታቸው አንበርክኬ ለስላሳ ሣር ላይ ነው የምጀምረው። ጭንቅላት ሁልጊዜ ከተያዘችዋ ልጅ ጎን ወይም ኋላ፤ ፈጽሞ ከፊቷ አይሆንም። ከትከሻ በላይ መያዝ የለም፤ ከጀርባ መግፋት የለም። ይህ ሳይገባቸው ቆመው አይሞክሩም። ሴት ልጆችን የምታሰለጥኑ ደግሞ ለጉልበት ጥንቃቄ የተዘጋጀውን “ፕሬፕ ቱ ፕሌይ” የሚባለውን ማሟሟቂያ አትዝለሉ። ዘልሎ ማረፍን፣ በሩጫ መሃል አቅጣጫ መቀየርን ያስተምራል። ደቂቃዎቹን የሚሰስት አሰልጣኝ ሳይ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ላሳየው እፈልጋለሁ።

ንግግር

ፉቲ አራት ሩብ አለው። በየመሃሉ አሰልጣኙ ይናገራል። በሰፈር ጨዋታ ወላጁም፣ ትንንሽ ወንድሞችም፣ ውሻም ሳይቀር ሜዳ ገብተው ክቡን ከበው ይሰማሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ያስደነግጣል።

በዚህ ጨዋታ ስለ ንግግር ሲወራ የ1970ው ፍጻሜ ሁልጊዜ ይነሳል። ሮን ባራሲ በሜልበርን ስድስት ዋንጫ የወሰደ ተጫዋች ነበር፤ ከዚያ ካርልተንን ማሰልጠን ጀመረ። በዚያ ፍጻሜ ካርልተን ለዕረፍት ሲወጣ ኮሊንግዉድ በ44 ነጥብ እየመራ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ 121,696 ሰው ነበር። ባራሲ በእጅ ማቀበሉን እንዲያበዙ፣ አደጋ ቢኖረውም ኳሱን ይዘው እንዲሮጡ አዘዘ። በ10 ነጥብ አሸነፉ። ሰው የሚያወራው ስለ ቁጣው ነው። እኔ የማየው ግን ቁጣውን አይደለም። አንድ ነገር ነው ያዘዘው፤ ግልጽ ነገር፣ ወዲያው ሊሠራ የሚችል ነገር።

የእኔ ልማድ ይህ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ውኃ ይጠጡ፣ እርስ በርስ ያውሩ። እኔ አንድ ደቂቃ ዝም እላለሁ። ከዚያ አንዷን “ምን አየሽ?” ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ልናገር የነበረውን እሷ ትለዋለች፤ ከእኔ አፍ ከሚወጣ ይልቅ ከእሷ ሲወጣ ይሰማል። ከዚያ አንድ ነገር እጨምራለሁ። አንድ ብቻ። ሁለተኛው ለሐሙስ ልምምድ ይቆያል።

የእኛን ልጆች ለሚያሰለጥን ሰው፣ ሐበሻም ሆነ ፈረንጅ፣ ይህን ልናገር። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲቆጣ ልጅ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። ያ አክብሮት ነው። እዚህ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ካላየኸኝ አልሰማኸኝም ይባላል። አንድ አሰልጣኝ አንዲትን ልጅ “ግድ የላትም” ብሎ ሲናገር ሰምቼ ልቤ ተቃጠለ። ልጅቷ እያንዳንዱን ቃል ሰምታ ነበር። ስለዚህ እኔ ፊት ለፊት አልቆምም። ጎኗ ሆኜ ሁለታችንም ወደ ሜዳው እያየን እናወራለን። ያኔ አንገቷ ቀና ይላል፣ አፏም ይከፈታል።

ቤተ ክርስቲያን፣ ጾም፣ ብርቱካን

በእኛ አካባቢ የታዳጊዎች ጨዋታ እሁድ ነው። እሁድ ደግሞ ቅዳሴ ነው። አንዳንድ ወላጅ ልጁን የሚከለክለው በዚህ ብቻ ነው፤ ግን ለክለቡ አይነግርም፣ ልጁ ዝም ብሎ ይቀራል። እኔ ዓመቱ ሲጀምር ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። የትኞቹ ቀናት ላይ አይቻልም? ፋሲካ መቼ ነው? ረመዳንስ? ካወቅኩ አስተካክላለሁ። ረመዳን በልምምድ ወቅት ሲገባ ፀሐይ ስትጠልቅ ልምምዱን አቆማለሁ፤ ቴምርና ውኃ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

በዕረፍት ሰዓት ብርቱካን ቆርጦ ማቅረብ እዚህ የቆየ ልማድ ነው፤ ለሚጾምም ለማይጾምም ይሆናል። “ስኔክ” የሚባለው ከረሜላ ግን ጄላቲን አለበት። ጄላቲኑ ከእንስሳ ነው የሚሠራው። ልጅቷ ለምን እንደማትወስድ መጠየቅ ሳያስፈልግ፣ ብርቱካኑን ማብዛት ይቀላል።

ወላጆችን ለማሳመን ደግሞ ስልክ አይበቃም። እናቴ እኔ መጫወት ስጀምር፣ “ሴት ልጅ በጭቃ ላይ ስትንከባለል አይቼ አላውቅም” ብላ ለሁለት ወር አኩርፋኝ ነበር። አሰልጣኛችን ቤት ድረስ መጥተው ቡና ጠጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እናቴ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የጥርስ መከላከያዬንም ራሷ ነበር የምታጥበው። እኔም አሁን ቤት እሄዳለሁ። ስለ ዋንጫ አላወራም። ማን እንደሚያደርሳት፣ ማን እንደሚመልሳት፣ ብትጎዳ ምን እንደማደርግ ነው የምነግራቸው።

ልጆቹ አርዓያ ሲፈልጉ ማጃክ ዳውን አነሳላቸዋለሁ። ካርቱም ተወልዶ፣ በግብፅ በኩል መጥቶ፣ እዚሁ ምዕራብ ሜልበርን ነው ያደገው። በ2013 ለኖርዝ ሜልበርን ሲሰለፍ በትልቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው የሱዳን ተወላጅ ሆነ። በመጀመሪያው ምቱ ጎል አገባ።

ደቂቃ ቁጠሩ

ይህን መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ስለሚያመኝ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። በአራተኛው ሩብ ጥቂት ነጥብ እንመራ ነበር። ጎበዞቹን ሜዳ ላይ አቆየሁ። ከተቀያሪዎቹ አንዷ ሩቡን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አየኋት፤ ዓይኔን መለስኩ። በአራት ነጥብ አሸነፍን። መልበሻ ክፍል ገብተን ክብ ሠርተን የክለቡን መዝሙር ዘመርን። እሷ ከክቡ ጫፍ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ጫማዋ ላይ ጭቃ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት አልተመዘገበችም። ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ቡና አፈላችልኝ። ልጅቷ ከክፍሏ ወጥታ ሰላም አለችኝ፣ ይቅርታ ስጠይቃት “ችግር የለም ኮች” አለችኝ። ቅርጫት ኳስ ጀምራ ነበር። በጥሩ ሥነ ሥርዓት በር ድረስ ሸኘችኝ።

ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ወረቀት አለ። በየሩቡ ማን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተች እጽፋለሁ፤ ፍጻሜም ይሁን የልምምድ ጨዋታ። አንድ ረዳት ካላችሁ ይህን ሥራ ለእሱ ስጡት፤ በጨዋታ ሙቀት ውስጥ የራሳችሁን ዓይን አትመኑት። ልጆቹም ወረቀቱ እንዳለ ያውቃሉ። ማየት የፈለገች ታየዋለች።

ክራንቿን ግድግዳ ላይ ላስደገፈችው ልጅም ይህን ሥራ ነው የሰጠኋት። እሁድ ወንበር ይዛ መስመሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ሰዓቱ በእሷ እጅ ነው። ወረቀቱን ትናንት ማታ አብረን ጻፍነው። 22 ስም አለበት። ከላይ ያለችው ባለፈው እሁድ ከሁሉም ያነሰ የተጫወተችው ልጅ ናት። ገና ሲጀመር መሃል ሜዳ ትገባለች።